ስለ ሳንቲሟ ሁሉም ያወራል፣ ስለ አውቶቡሱስ?

የኋላ ማርሽ (ሚኒያፖሊስ)

ፌብሩዋሪ 3 በመጣ ቁጥር ያቺው ታሪክ ትዞራለች። ሳንቲም ተወረወረ፣ አንዱ አሸነፈ፣ ያሸነፈው ሞተ። ሰው «አይ ዕጣ!» ብሎ ከንፈሩን ይመጥና ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ያልፋል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እነዚያን ልጆች አውሮፕላን ላይ ያወጣቸው ሳንቲም አይደለም። አውቶቡስ ነው።

ለማያውቅ የሦስቱን አሜሪካዊ ዘፋኞች ታሪክ ባጭሩ ላውራ። ዓመቱ 1959 ነው (ሁሉንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትጨቃጨቁኝ)። ባዲ ሆሊ የሚባል የቴክሳስ ልጅ አለ፣ ያ ጥቁር ወፍራም መነጽር የሚያደርገው። 22 ዓመቱ ነው። ሪቺ ቫለንስ አለ፣ ገና 17። ቢግ ቦፐር በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው የሬዲዮ ሰው ጄ. ፒ. ሪቻርድሰን አለ፣ 28። «ዊንተር ዳንስ ፓርቲ» በተባለ ጉዞ በ24 ቀን 24 ከተማ ሊጫወቱ ተፈራርመው ጃንዋሪ 23 ከሚልዋኪ ጀመሩ።

እዚህ አካባቢ የምትኖሩ ጃንዋሪ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ከተሞቹ ደግሞ በቅደም ተከተል አልተደረደሩም። መስመሩን ካርታ ላይ ብታሰምሩት ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ዛሬ ወደ ምዕራብ፣ ነገ ተመልሶ ወደ ምሥራቅ። አውቶቡሶቹ አሮጌ ናቸው፣ ማሞቂያቸው አይሠራም። አንዱ ሲበላሽ ሌላ ይመጣል፣ እሱም ይበላሻል። ከዱሉት ወጥተው ሲሄዱ ሌሊት ዊስኮንሲን ጫካ ውስጥ ቀጥ አለባቸው። የሆሊ ድራመር ካርል በንች እግሩን ብርድ መትቶት ሚሺጋን ውስጥ ሆስፒታል ተኛ። ድራመር፣ እግሩን! ከዚያ በኋላ ድራሙን ዘፋኞቹ ራሳቸው እየተቀያየሩ ነበር የሚመቱት።

ፌብሩዋሪ 2 ክፍት ቀን ነበረች። አዘጋጆቹ እሷንም አልማሯትም፣ አዮዋ ውስጥ ክሊር ሌክ በምትባል ከተማ ሰርፍ ቦልሩም ለተባለ አዳራሽ ሸጧት። በማግስቱ ሙርሄድ፣ ሚኒሶታ። 590 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በዚያው አውቶቡስ። ሆሊ በቃኝ አለ። አውሮፕላን ተከራይቼ ቀድሜ ልድረስ፣ ትንሽ ልተኛ፣ ልብሴንም ላሳጥብ አለ። የተፈለገው ይኸው ነው። እንቅልፍና ንጹሕ ሸሚዝ።

ዋጋው በሰው 36 ዶላር። አውሮፕላኗ ከአብራሪው ሌላ ሦስት ሰው ነው የምትይዘው። የሆሊ ቤዝ ተጫዋች ዌይሎን ጄኒንግስ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ለቢግ ቦፐር ወንበሩን ለቀቀለት። ጊታሪስቱ ቶሚ አልሰፕ ደግሞ ከቫለንስ ጋር ዕጣ ተጣጣለ። ይቺ ናት እንግዲህ ሳንቲሟ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተነሡ። ብዙም አልራቁ፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ላይ እርሻ ውስጥ ወደቁ። የተገኙት ጠዋት ነው፣ ያውም የአውሮፕላኗ ባለቤት በሌላ አውሮፕላን ሲፈልግ። አራቱም ሞተዋል። አብራሪው 21 ዓመቱ ነበር።

ቦታው ከኔ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ አይ-35ን ይዞ ወደ ደቡብ። በትራክ ሎድ (ጭነት) ይዤ ባጠገቡ ስመላለስ ኖሬ ባለፈው በጋ በቤት መኪና ሄድኩ። መንገድ ዳር ግዙፍ የብረት መነጽር ቆሟል። ከዚያ የአጥሩን ጥግ ይዛችሁ በእርሻው መሐል በእግር ትገባላችሁ። መጨረሻው ላይ ከብረት የተሠራ ጊታርና ሦስት ሸክላ አለ። ሰው መነጽር ያስቀምጣል፣ አበባ ያስቀምጣል። ከሁሉም የበዛው ግን ሳንቲም ነው። የአውቶቡስ ትኬት ያስቀመጠ አላየሁም።

ለምንድነው ዕጣ ዕጣ የምንለው?

ማራኪ19

ሙድ አትያዙብኝና ባዲ ሆሊ ማነው? 😅

ኪቦርድ በቃኝ

@ማራኪ19 ሙድ አንይዝም። ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ድራም፣ የራስህን ዘፈን ራስህ ጽፈህ ራስህ ዝፈን። ይህን አሠራር ካስለመዱት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ባንዱ «ክሪኬትስ» ይባል ነበር። ቢትልሶች በነፍሳት ስም የተጠሩት የሱን ባንድ አይተው ነው። ፖል ማካርትኒ ኋላ የዘፈኖቹን መብት ገዝቷል። ታዋቂ ሆኖ የኖረው ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም።

እቴ ሙሉ

ወንድሜ የኋላ ማርሽ፣ አንጀቴን በላኸው። ግን ዕጣ የለም ልትለኝ አትችልም። የትንሹን ልጅ የቫለንስን ነገር ስማ። በ1957 ጃንዋሪ 31 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፓኮይማ በተባለው ሰፈር ሁለት አውሮፕላን ሰማይ ላይ ተጋጭተው ስብርባሪው እሱ የሚማርበት ትምህርት ቤት ግቢ ላይ ወረደ። ተማሪዎች ሞቱ። እሱ የዚያን ዕለት አልነበረም። የት ነበር? አያቱን ሊቀብር ሄዶ። በቀብር ምክንያት ከሞት ተረፈ! ከዚያ በኋላ አውሮፕላን ይፈራ ነበር። ሁለት ዓመት ከሦስት ቀን ቆይቶ ምን ላይ ወጣ?

የሆሊን ሚስት ማሪያ ኤሌናን አስቡልኝ ደግሞ። ከተጋቡ ስድስት ወር ገደማ ነው፣ ነፍሰ ጡር ነበረች። የባሏን ሞት የሰማችው ከዜና ነው። መርዶ እንኳ በወጉ አልተነገራትም። ጽንሱም ወረደ። እኛ አገር ሰው ተሰብስቦ፣ በሌሊት ተሂዶ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ ነው የሚረዳው። እኔ ይቺን ሳነብ ነው ያለቀስኩት።

የኋላ ማርሽ (ሚኒያፖሊስ)

@እቴ ሙሉ እቴዬ፣ ያንቺን አልክድም። ቫለንስ አውሮፕላን ይፈራ ነበር ካልሽ ግን እኔም የምለው ያንኑ ነው። የሚፈራውን ነገር በሳንቲም ተወዳድሮ እስኪወጣበት ድረስ አውቶቡሱ ምን ያህል አንገሽግሾት ነው?

ሌላ ሰው ልጨምር። ዲዮን የሚባል ዘፋኝ አብሯቸው ነበር። ኋላ ሲናገር፣ 36 ዶላር ወላጆቹ ለወር የቤት ኪራይ የሚከፍሉት ነው፣ ለአንድ በረራ አላወጣም ብሎ ቀረ። እሱን ያዳነው የእናቱ የኪራይ ደረሰኝ ነው። ይህ ዕጣ ይባላል?

ክንፍ

የአውሮፕላን ጥገና ነው ሥራዬ፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የመንግሥት መርማሪዎቹ ሪፖርት ወጥቷል፣ ማንም ያነበዋል። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ችግሩ እንዲህ ነው። ሌሊት፣ በረዶ እየጣለ፣ ከታች መብራት የሌለበት ሜዳ። ሰማይና ምድር የሚለይበት መስመር አይታይም። እንዲህ ሲሆን የሰው ጆሮና ሆድ ይዋሻሉ። እየወረድክ እየወጣሁ ነው ትላለህ። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ስሜትህን ትተህ መሣሪያውን ማመን። ለዚህ ለብቻው የሚሰጥ ፈቃድ አለ። ልጁ ያ ፈቃድ አልነበረውም፣ ዓመት ሳይሞላው ተፈትኖ ወድቆ ነበር።

ይባስ ብሎ አውሮፕላኗ ላይ የተገጠመው የአፍንጫዋን ወደ ላይና ወደ ታች መሆን የሚያሳየው መሣሪያ እሱ ከለመደው በተቃራኒ የሚያሳይ ዓይነት ነበር። የለመደው «ወደ ላይ» ሲል ይሄኛው «ወደ ታች» ነው። ጨለማ ውስጥ ነህ፣ ሆድህ እየዋሸህ ነው፣ መሣሪያውን ዞር ብለህ ስታይ እሱም የተገለበጠ ይመስልሃል። አለቀልህ።

ሦስተኛ። ስለ አየሩ የወጡ አስቸኳይ ማስጠንቀቂያዎች ነበሩ። ደጋግሞ ስልክ ደውሎ የአየሩን ሁኔታ ሲጠይቅ እነሱን ማንም አልነገረውም። መርማሪዎቹ ዋናውን ጥፋት በሱ ውሳኔ ላይ ጥለው ይህንንም ጽፈዋል። ስለዚህ ልጁን ብቻ አትውቀሱት። 21 ዓመትህ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሠርተሃል፣ በሬዲዮ የምትሰማቸው ሰዎች በር ላይ ቆመው «እንሂድ» ይሉሃል። እስኪ «አይሆንም» በል።

ሴራው ገብቶኛል

ሽጉጡን ለምን አታነሡም? ሆሊ ሽጉጥ ይዞ ነበር። ከወራት በኋላ ገበሬው ማሳው ላይ አገኘው። አውሮፕላን ውስጥ ተኩስ ነበረ ይባላል። የቢግ ቦፐር አስከሬን ደግሞ ከሌሎቹ ርቆ ነው የተገኘው። ቆስሎ ተርፎ፣ እርዳታ ፍለጋ ሲሄድ ነው የሞተው ይላሉ። ነገሩን አፍነውታል።

የኋላ ማርሽ (ሚኒያፖሊስ)

@ሴራው ገብቶኛል ሽጉጡ ተገኝቷል፣ እውነት ነው። ቀሪው ግን መልስ አግኝቷል፣ መልሱም ከወሬው ይበልጣል።

ቢግ ቦፐር ሲሞት ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ወንድ ልጅ የተወለደው አባቱ በሞተ በሦስተኛው ወር፣ በ1959 ኤፕሪል ነው። ጄይ ይባላል። አድጎ የአባቱን ልብስ ለብሶ፣ የአባቱን ዘፈን እየዘፈነ ይዞር ነበር። ይህ አንተ የምትለው ወሬ እንቅልፍ ነሣው። በ2007 የአባቱን መቃብር አስከፈተ። ቢል ባስ የሚባሉ በአጥንት ምርመራ ስማቸው የገነነ ፕሮፌሰር መረመሩት። አካሉ ከእግር እስከ ራስ ተሰባብሯል፣ አንዲት እርምጃ ሊራመድ የሚችል ሰው አይደለም። የጥይት ምልክት የለም።

ግን ይህን ስሙ። ሬሳው በደንብ ቆይቶ ነበር። ልጁ ሳጥኑ ሲከፈት እዚያው ቆሟል። የአርባ ሰባት ዓመት ጎልማሳ አባቱን በአካል ያየው ያን ቀን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። አባትየው 28 ዓመቱ፣ ልጁ ሃያ ዓመት ያህል ይበልጠዋል።

እቴ ሙሉ

ኧረ በማርያም! አሁንስ አስለቀስከኝ።

ሴራው ገብቶኛል

እሺ ይሁን። 27 ክለብስ? ሄንድሪክስ፣ ጃኒስ ጆፕሊን፣ ጂም ሞሪሰን፣ ከርት ኮቤይን፣ ኤሚ ዋይንሃውስ። ሁሉም በ27 ዓመታቸው የሞቱ ዘፋኞች። ይሄም አውቶቡስ ነው ልትሉን ነው?

ማራኪ19

የጤና ተማሪ ነኝ፣ ይቺን ለኔ ተዉልኝ። በ2011 አንድ ታዋቂ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ጥናት ወጥቶ ነበር። አልበማቸው አንደኛ የወጣ ሙዚቀኞችን ዕድሜ ቆጥረው አዩት። 27 ላይ የተለየ ነገር የለም። የወጣው ሌላ ነው፣ ታዋቂ ሙዚቀኞች በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ከሌላው ሕዝብ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያህል ይሞታሉ። 27 የሆኑትን ስለምንለቅም ነው 27 የበዛ የሚመስለን። ሆሊ 22 ነው፣ ቫለንስ 17 ነው። ክለብ አልተከፈተላቸውም።

ኪቦርድ በቃኝ

የልቤን ነው ያነሣችሁት። እኔ እዚህ አሜሪካ ከተለያዩ ዘፋኞች ጋር ኪቦርድ እጫወታለሁ። ስሜ ይቅር።

የኛን ሥራ የምታውቁት መድረክ ላይ ነው። ከመድረክ ስንወርድ ያለውን ልንገራችሁ። ዓርብ ዳላስ፣ ቅዳሜ ዲሲ፣ እሑድ ሲያትል። ዝግጅቱ ማታ 3 ሰዓት ይባላል፣ ሕዝቡ የሚመጣው ከሌሊቱ 6 በኋላ ነው። ዘፋኙ 7 ይወጣል። እኛ ዕቃ አሰባስበን ስንወጣ 10 ሰዓት ነው፣ የጠዋቱ በረራ 12። ሆቴል ለሁለት ሰዓት ማን ይከፍላል? ኤርፖርት ወለል ላይ ኪቦርዱን ተንተርሰን እንተኛለን። ከተሞቹ ከተቀራረቡ ደግሞ ቫን ተከራይተን በዚያው ሌሊት እንነዳለን። ማን ይነዳል? ከኛው አንዱ። ሦስት ሰዓት ድራም ሲመታ ያመሸው።

አንድ ጊዜ ኦሃዮ ውስጥ ሹፌራችን ዓይኑን ገልጦ ተኝቶ አገኘሁት። ዓይኑን ገልጦ እኮ ነው የምላችሁ! በስሙ ስጠራው «አቤት፣ ሳውንድ ቼክ ደረሰ?» አለኝ። ሰባ ማይል እየሄድን ነው። ለአዘጋጁ ብንነግረው «ልጅ እያላችሁ ካልሠራችሁ መቼ ልትሠሩ ነው?» አለን። ስለዚህ አውቶቡሱ ስትል የኋላ ማርሽ፣ እኔ አውቶቡሱ ውስጥ ነኝ።

የሆሊ ታሪክ ላይ እኔን የሚያበግነኝ ደግሞ ማግስቱ ነው። ሦስቱ ከሞቱ በኋላ በዚያው ምሽት የሙርሄዱ ዝግጅት አልተሰረዘም! ቦታ የሚሞላ ተፈለገና የፋርጎ ልጅ፣ የ15 ዓመቱ ቦቢ ቪ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። እሱ በዚያው ታዋቂ ሆነ፣ በሱ አልፈርድም። ጄኒንግስን ግን አስቡት። አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ሆሊ «አውቶቡሳችሁ ይቀዝቅዝባችሁ» ብሎ ቢቀልድበት፣ እሱ «ያንተም አውሮፕላን ይከስከስ» ብሎ መልሶለታል። ቀልድ ነው፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንቀልደው። ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። እና ይህ ሰው በማግስቱ ምሽት መድረክ ላይ አውጥተው አስዘፈኑት። ጉዞው ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ቀጠለ።

ጋሽ ቃኘው

ልጆች፣ ጥሩ ወሬ ይዛችኋል። እኔም ላክልበት።

አስመራ ነው ያደግሁት። ቃኘው ጣቢያ የአሜሪካኖቹ ሬዲዮ ነበረ፣ ሙዚቃው እኛ ቤት ይገባል። እንግሊዝኛው ባይገባንም ኦቲስ ሬዲንግ ሲጮኽ ይገባን ነበር። ያኔ አዲስ አበባም አስመራም ያሉት ባንዶች ትራምፔትና ሳክስፎን አሰልፈው ሲቆሙ እነዚህን የሶል ሰዎች እያዩ ነው።

ኦቲስ የሞተው ዲሴምበር 10፣ 1967 ነው፣ በ26 ዓመቱ። የራሱ አውሮፕላን ነበረው፣ ሁለት ሞተር ያላት ቢችክራፍት። ከክሊቭላንድ ተነሥቶ ወደ ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ሲሄድ ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው ሞኖና የሚባል ሐይቅ ውስጥ ገባ። በረዶ ሊሆን የደረሰ ውኃ ነው። አብረውት የነበሩት ባር ኬይስ የሚባሉ አጃቢዎቹ ናቸው፣ አብዛኞቹ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች። ስምንት ሰው ነበር፣ ሰባቱ ሞቱ።

የተረፈው ቤን ኮሊ ይባላል፣ ትራምፔት ነፊው፣ 20 ዓመቱ። ተኝቶ ነበር። ነቅቶ አጠገቡ ያለው ሳክስፎን ተጫዋች በመስኮት አይቶ ሲደነግጥ ያየዋል፣ ቀበቶውን ይፈታል። ከዚያ የሚያስታውሰው ራሱን ውኃ ውስጥ የወንበር ትራስ ይዞ ሲያገኘው ነው። ጓደኞቹ «እርዳን» እያሉ ሲጮኹ ይሰማል። ዋና አይችልም። ድምፃቸው አንድ በአንድ ጠፋ።

ከባንዱ ሌላ የተረፈ አለ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ጄምስ አሌክሳንደር። አውሮፕላኑ ሞልቶ በሕዝብ ማመላለሻ በረራ ስለሄደ ነው። እሱና ኮሊ ኋላ ባንዱን እንደገና አቋቋሙት። ኦቲስ ከመሞቱ ከሦስት ቀን በፊት የቀዳው፣ መጨረሻው ላይ የሚያፏጭበት ዘፈን ጃንዋሪ ላይ ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆነ። ዘፋኙ ሞቶ ዘፈኑ እዚያ ሰንጠረዥ አናት ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ያቺ ፉጨት አሁን ድረስ ታስደነግጠኛለች።

ክንፍ

ጋሼ እናመሰግናለን። የዚያኛው ምክንያት አልታወቀም። መርማሪዎቹም ምክንያቱን መወሰን አልቻልንም ብለው ነው የዘጉት። አየሩ ግን ዝናብና ጭጋግ ነበር።

ካንትሪ በአማርኛ

ካንትሪውን ረሳችሁት እኮ! ፓትሲ ክላይን፣ ማርች 5፣ 1963፣ 30 ዓመቷ። ካንሳስ ሲቲ የሄደችው በመኪና አደጋ ለሞተ የሬዲዮ አስተዋዋቂ ቤተሰብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር፣ በጽድቅ ሥራ። አብራሪው ማኔጀሯ ነው፣ እሱም ይህ ክንፍ የሚለው ፈቃድ የለውም። ዘፋኟ ዶቲ ዌስት «በመኪና አብረን እንሂድ» ብትላት ልጆቼ ናፈቁኝ ብላ ቀረች። ነዳጅ ሊሞሉ ዳየርስበርግ ሲያርፉ የኤርፖርቱ ኃላፊ አየሩ ከባድ ነው፣ እደሩ ብሏቸዋል። ናሽቪል ሊደርሱ 90 ማይል ሲቀራቸው ጫካ ውስጥ ወደቁ። ጃክ አንግሊን የሚባል ዘፋኝ ደግሞ ለነሱ ጸሎት ሲሄድ በመኪና አደጋ ሞተ።

ዓመት ከአምስት ወር አልሞላም፣ ጂም ሪቭስ ራሱ እያበረረ ናሽቪል ጫፍ ላይ ነጎድጓድ ውስጥ ገብቶ ሞተ። አባቴ በካሴት የነበረው አንድ ፈረንጅ ጂም ሪቭስ ነበር።

እቴ ሙሉ

ለለቅሶ ሲሄዱ መሞት! አሁን ይሄ ዕጣ ካልሆነ እኔ አላውቅም 🙏🏾

ቤቢ ገርል ለዘላለም

ዘፋኟን አሊያህን ማንም አላነሣም? እኛ ከእሷ ጋር ነው ያደግነው።

ኦገስት 25፣ 2001፣ ባሃማስ። 22 ዓመቷ። ክሊፕ ቀርጻ ከታሰበው ቀድማ ጨረሰች። በረራው በማግስቱ ነበር፣ ቤት መግባት ፈለጉ፣ ቀኑን አሳጠሩት። የመጣችው አውሮፕላን ከጠበቋት ታንሳለች፣ ዕቃው ደግሞ የቀረጻ ዕቃ ነው። ጫኚዎቹም አብራሪውም ከብዷል ብለዋል። ክርክር ነበረ። በመጨረሻ ሁሉም ተጭኖ ተነሣ። ወዲያው ወደቀ። ዘጠኝ ሰው፣ የተረፈ የለም።

ክንፍ

@ቤቢ ገርል እህቴ፣ ይሄኛው እኔን ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። ሴስና 402 ነው። ከሚፈቀደው 700 ፓውንድ ገደማ በላይ ጭኗል፣ ማለትም ከ300 ኪሎ በላይ። ተሳፋሪውም ከተፈቀደው በአንድ ይበልጣል። ክብደት ብቻ አይደለም፣ ቦታውም አለ። ጭነት ወደ ኋላ ሲበዛ ጅራት ይከብዳል፣ አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ይላል፣ ፍጥነት ይሞታል፣ ክንፉ መሸከም ያቆማል። መሬት ላይ ሆነህ በእርሳስና በወረቀት የምታሰላው ነገር ነው። አብራሪው ያንን አውሮፕላን ለማብረር አልተፈቀደለትም፣ ሰውነቱ ውስጥም ኮኬይንና አልኮል ተገኝቷል።

ካነሣን አይቀር ሌይነርድ ስኪነርድ የተባለውን የሮክ ባንድ ታሪክ ልጨርሰው። ኦክቶበር 20፣ 1977። ከሳውዝ ካሮላይና ወደ ባተን ሩዥ። በ1948 የተሠራ ኮንቬር፣ 26 ሰው። ሚሲሲፒ ጫካ ላይ ነዳጅ አለቀ። በቃ፣ ነዳጅ አለቀ። ዘፋኙ ሮኒ ቫን ዛንት፣ ጊታሪስቱ ስቲቭ ጌይንስና እህቱ ካሲ፣ አንድ የጉዞ ኃላፊያቸው፣ ሁለቱ አብራሪዎች ሞቱ። ሃያው ቆስለው ተረፉ። ድራመሩ አርቲመስ ፓይል የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ በረግረግ ውስጥ ወጥቶ ነው እርዳታ የጠራው።

ከዚያ በፊት በነበረው በረራ የቀኙ ሞተር እሳት ሲተፋ ሁሉም አይተዋል። ካሲ ፈርታ በዕቃ መኪናው ልሂድ ብላ ነበር። ባተን ሩዥ ከደረስን በኋላ አውሮፕላን እንቀይራለን ተባብለው ወጡ። አዲሱ አልበማቸው የወጣው ከአደጋው ሦስት ቀን በፊት ነው፣ ሽፋኑ ላይ እሳት ከቧቸው ቆመዋል። ሰው ስለ ሽፋኑ ያወራል። ስለ ነዳጁ አያወራም።

አሁን ዋናው ነገር። ይህንኑ አውሮፕላን፣ እነዚሁኑ አብራሪዎች፣ ቀደም ሲል ኤሮስሚዝ የተባለው ባንድ ሊከራያቸው አስቦ ነበር። የበረራ ሰዎቻቸው ሄደው አዩት። አውሮፕላኑም ሠራተኞቹም አይሆኑም ብለው መለሱት። ዕጣ አልጣሉም። ባለሙያዎች ላኩ፣ እነሱ «አይሆንም» አሉ፣ ሰሟቸው።

የኋላ ማርሽ (ሚኒያፖሊስ)

@ክንፍ እኔ ስፈልግ የነበረው ይሄን ነው፣ ተባረክ። እኛ ትራክ ላይ በቀን ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድም፣ መኪናው ውስጥ ያለው መሣሪያ ይመዘግባል። ጭነት የሚመድበው ዲስፓቸር ቢጮህም ሰዓቱ ካለቀ ቆመሃል። @ኪቦርድ በቃኝ እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

ኪቦርድ በቃኝ

ምንም የለም። አዘጋጁ ነው ሰዓቱ።

ጋሽ ቃኘው

ልጄ፣ እናንተ ባንዱ ተሰባስባችሁ አንድ ሆናችሁ ተናገሩት። ዘፋኙ ብቻውን ቢሄድ ይሸነግሉታል። ከዝግጅት በኋላ ሌሊት አንነዳም፣ ሆቴል ይያዝ በሉ። ውል ላይ ይግባ። ካልተጻፈ የለም።

ቤቢ ገርል ለዘላለም

ጋሼ ልክ ናቸው። እኛ እኮ ለትኬት እየከፈልን ነው። ለሹፌር አሥር ዶላር ጨምሩ ብትሉን እምቢ የሚል የለም።

ካንትሪ በአማርኛ

አምስት ቢሆን አይሻልም? 😂

ኪቦርድ በቃኝ

ይህን ክር ለባንዱ ልጆች በቴሌግራም ላክሁላቸው። ድራመሩ የካርል በንችን እግር አንብቦ ብቻ «እኔ አለሁበት» አለ። የቅዳሜው ሚኒያፖሊስ ነው፣ የእሑዱ ቺካጎ፣ በቫን። ዛሬ ለአዘጋጁ ደውዬ ሹፌር ይቀጠር ብዬዋለሁ።

የኋላ ማርሽ (ሚኒያፖሊስ)

ምን አለ?

ኪቦርድ በቃኝ

«እናያለን» አለ።

የኋላ ማርሽ (ሚኒያፖሊስ)

ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ። ቅዳሜ ሎድ የለኝም፣ ካላየ እኔ እነዳችኋለሁ። ከምሳ በኋላ ገብቼ እተኛለሁ።